ጠፍጣፋ ወይስ ባለ ሮለር? ካምሻፍት ከመግዛታችሁ በፊት ደረሰኞቼን እዩልኝ

«ጋሼ፣ ካምሻፍቱን ከቀየርኩ በኋላ ሞተሩ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ምን ልግዛ?» በዚህ ጸደይ ብቻ ይህ ጥያቄ በስልክ ሲደርሰኝ አራተኛ ጊዜው ነው። ጠያቂዎቹ እዚሁ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ የአገር ልጆች ናቸው፤ አሮጌ የሸቭሮሌ ፒክአፕ ገዝተው፣ 350 የሚባለውን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ሊያጎለብቱ የተነሱ። አራቱም የገዙት ያንኑ ርካሹን ነው። እኔም ገዝቼው ነበርና አልስቅባቸውም።

ምርጫው ሁለት ነው። ካምሻፍት ጉብታዎች ያሉት ዘንግ ነው፤ ሲዞር አየር የሚያስገቡትንና ጭስ የሚያስወጡትን ቫልቮች የሚያነሳው ጉብታው ላይ በሚቀመጠው በሊፍተር በኩል ነው። የሊፍተሩ መቀመጫ ጠፍጣፋ ከሆነ ብረት በብረት ላይ እየተፋተገ ይንሸራተታል። ባለ ሮለር ከሆነ ከሥሩ ያለችው ትንሽ መንኮራኩር ትንከባለላለች። ስለ ጉልበቱ ልዩነት ሻጮቹ በደንብ ይነግሯችኋል፤ እኔ ስለ ገንዘቡ ልንገራችሁ።

የእኔ ፒክአፕ የ1979 ነው። ከኢንተርኔት ያዘዝኩት ጠፍጣፋ ካምሻፍት ከ16 ሊፍተሮቹ ጋር 189 ዶላር ነበር። ሰንሰለት 38፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) 64፣ ለመጀመሪያው ማስነሻ የሚሆን ዚንክ የበዛበት ዘይትና ፊልትሮ 52። ድምሩ 343 ዶላር። በሳጥኑ ላይ የአምራች ስም አልነበረም። ሶማሌ ተራ ዕቃ ሲገዛ ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ሳጥን ሲያይ ወደ ኋላ ማለት ነበረበት፤ እኔ ግን አሜሪካ ውስጥ ኮፒ የሚሸጥ አልመሰለኝም።

መመሪያውን አላጓደልኩም። የካምሻፍቱን ጉብታዎች በሙሉ የመግጠሚያ ቅባት ቀባሁ፤ ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሳ፤ ወዲያው ወደ 2,000 ዙር አውጥቼ እስከ 2,500 ባለው መሐል ከፍ ዝቅ እያደረግሁ 25 ደቂቃ ያዝኩት። ድምፁ ሲያምር! ጎረቤቶቼ አልተስማሙም እንጂ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቀጭ ቀጭ መጣ። ቫልቩን አስተካከልኩ፤ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ፤ ደግሞ አጠበቅሁ። ቫልቭ ተስተካክሎ በሳምንቱ እንደገና ከላላ የሆነ ነገር እያለቀ ነው፤ ይህን እያወቅሁ ራሴን አታለልኩ። ቀጥሎ ነዳጅ ስሰጠው በካርቡራተሩ በኩል መተኮስ ጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ሞተር የሚያስከፍተው በዚህ ነጥብ ነውና። ትልቅ ካምሻፍት የገባለት ሞተር በባሕርዩ ይቀየራል። በዝግታ ሲሠራ ድሮ 18 ኢንች የነበረው ቫኪዩም (ሞተሩ አየር የሚስብበት ኃይል) ወደ 12 ቢወርድ፣ ኮምፕረሽኑ (ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት) በስምንቱም ሲሊንደሮች ላይ በእኩል ቢቀንስ፣ ቫልቮቹ ዘግይተው ስለሚዘጉ ነው እንጂ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) አልቆ አይደለም። አንድ ሲሊንደር ብቻውን ከወረደ ግን ጥፋት አለ። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት፤ ከፍ ካለ ፋሻ ነው፣ ካልተንቀሳቀሰ ቫልቭ ወይም ቴስታታ (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ ራስ)። የእኔ ኮምፕረሽን ደህና ነበር።

ስለዚህ የቫልቭ ክዳኑን አነሳሁ፣ ካንዴላዎቹን ፈታሁ፣ ባለ ሰዓት መለኪያውን ከሊፍተሩ ወደ ላይ በሚወጣው ቀጭን ዘንግ፣ በፑሽሮዱ ጫፍ ላይ አቁሜ ሞተሩን በእጄ አዞርኩ። በእኔ ካምሻፍት ላይ እያንዳንዱ ጉብታ 0.300 ኢንች ማንሳት አለበት፤ ፑሽሮዱ የሚገፋው ሮከር አርም በ1.5 ሲያበዛው ቫልቩ ጋ 0.450 ይሆናል። አንደኛው ደህና፣ ሦስተኛው ደህና። የአምስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ጋ ስደርስ መርፌዋ 0.170 ላይ ቆመች። መልሼ አዞርኩ፤ 0.170። ጭሱ መውጫ አጥቶ የመግቢያው ቫልቭ ሲከፈት ወደ ላይ ወደ ካርቡራተሩ ይመለስ ነበር፤ ተኩሱ ያ ነው። የዘይቱን ፊልትሮ በመጋዝ ቆርጬ ወረቀቱን ዘረጋሁት፤ በእጥፋቱ ሁሉ ግራጫ ጭቃ፣ ለፀሐይ ሲያዞሩት የሚያብለጨልጭ። ማግኔት ሳስጠጋ ጭቃው ተነሥቶ ቆመ።

ያ ዱቄት በሞተሩ ሁሉ ውስጥ ዞሯል። ብሎኩን ማሳጠብና ማስመርመር 260፣ የኮሎው (የዋናው ዘንግ) ብሮንዚንና ማለስለሻ 145፣ ፋሻ 85፣ የካምሻፍት ብሮንዚን ከነማስገቢያው 70፣ ሙሉ ጓርኒሲዮን 118፣ የዘይት ፓምፕ 48፣ እንደገና ዘይት 52። ይህ 778 ነው። ከመጀመሪያው 343 ጋር 1,121 ዶላር ከኪሴ ወጥቶ አሁንም ካምሻፍት የለኝም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ጥፋቱ የማን ነበር? የሊፍተሮቹ። ጠፍጣፋ ይባል እንጂ ጤነኛ ሊፍተር መቀመጫው በጣም በትንሹ የተነፋ ነው፤ ጉብታውም በትንሹ ያዘነበለ ስለሆነ ሊፍተሩ እየዞረ ይሠራል። ካልዞረ አንድ ቦታ ላይ እየፈጨ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ርካሹን የግድ የምትገዙ ከሆነ ይህን ሳታደርጉ አትግጠሙ፦ የብረት ማስመሪያ ጠርዝ በሊፍተሩ መቀመጫ ላይ አቁሙና ወደ መብራት አንሱት። በግራና በቀኝ ቀጭን ብርሃን መታየት አለበት። ከእኔዎቹ 16 ሊፍተሮች ውስጥ ስድስቱ ብርሃን አላሳዩም፤ ሁለቱ ጭራሽ መሐላቸው ጎድጉዷል። ከገጠማችሁ በኋላም ፑሽሮዶቹ ላይ የቀለም ምልክት አድርጉና ሞተሩን በእጅ ስታዞሩ ምልክቱ ሲዞር እዩ።

ዘይቱም ጉዳይ ነው። በ2004 የወጣው ኤስኤም የሚባለው የሞተር ዘይት ደረጃ በተለመዱት ቀጫጭን ዘይቶች ላይ ፎስፈረሱን በ0.08 በመቶ ገደበው፤ የጭስ ማጣሪያውን ስለሚያበላሽ ነው። የሚፋተገውን ብረት ከመበላት የሚጠብቀው ዚንክም አብሮት ቀነሰ። ስለዚህ ጠፍጣፋ ሊፍተር የገጠመ ሰው ከሱፐርማርኬት ያገኘውን ዘይት መጨመር አይችልም፤ ዕድሜ ልኩን ውዱን ይገዛል። ይህን ወጪ በ189 ዶላሩ ላይ የሚደምር ሰው አላየሁም።

ባለ ሮለሩ የማለማመጃ ሥርዓት የለውም፤ ዘይትም አያማርጥም። ዋጋው ግን ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ይበልጣል። ለእንደኔ ላለ አሮጌ ብሎክ የሚሆነው ሙሉ ዕቃ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተያያዙ ሊፍተሮች፣ አጠር ያሉ ፑሽሮዶችና ስፕሪንጎች ጭምር፣ 1,080 ዶላር ተጠየቅሁ። ባለ ሮለር ካምሻፍት ወደ ኋላ የሚገፋው ስለሌለ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ከፊቱ የሚገባ ማቆሚያና ጠንካራ የሰንሰለት ክዳን ይፈልጋል፤ 60። የካምሻፍቱ ብረት ጠንካራ ከሆነ ተራውን የዲስትሪቢዩተር ጥርስ ስለሚበላው ሌላ ጥርስ፤ 75። ሰንሰለት 70፣ ጓርኒሲዮን 64፣ ዘይት 32። ድምሩ 1,381። ስሙ ያልታወቀ ባለ ሮለር ደግሞ ከጠፍጣፋው ይብሳል፤ በመንኮራኩሯ ውስጥ ያሉት መርፌ መሳይ ቀጫጭን ብረቶች ሲሰበሩ ሞተሩን ይዞሩታል። በ400 ዶላር የሚሸጠውን አይታችሁ እለፉት።

እኔ በመጨረሻ ያደረግሁትን ብትጠይቁኝ፣ የአሮጌ መኪና ግቢ ሄጄ ከ1996 እስከ 2000 በተሠሩት ፒክአፖች ላይ የሚገኘውን ቮርቴክ 350 ገዛሁ። ያ ሞተር ከፋብሪካው ባለ ሮለር ሆኖ ነው የወጣው፤ ሊፍተሮቹን መልሼ ተጠቀምኩባቸው። ሙሉ ሞተሩ 550፣ አዲስ ካምሻፍት ብቻውን 320፣ ስፕሪንግ 140፣ የካርቡራተር ማኒፎልድ 230፣ የኤሌክትሪክ ነዳጅ ፓምፕ 60፣ ጓርኒሲዮን 118፣ የዲስትሪቢዩተር ጥርስ 75። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ሳህን፣ ፍሌክስፕሌቱም፣ ከ1986 ወዲህ ብሎኖቹ ስለተቀራረቡ የድሮው አይገጥምም፤ 70። ድምሩ 1,563 ነው፤ ከባለ ሮለሩ መለወጫ በ182 ዶላር ብቻ ይበልጣል፤ በዚያ ላይ ከድሮው የተሻለ ቴስታታ አገኘሁ። ካምሻፍቱን ስትመርጡ ግን ስስት አይያዛችሁ፤ ያ ቴስታታ ሳይቆረጥ ቫልቩን ከ0.460 ኢንች ብዙ አሳልፎ የሚያነሳ ካምሻፍት አይችልም፤ የስፕሪንጉ ክዳን የቫልቩን መምሪያ ይመታል።

አራተኛው ደዋይ ትናንት ማታ ፎቶ ላከልኝ። ትርፍ ሊፍተር ነበረውና እንዳልኩት ማስመሪያውን አቁሞ ወደ መብራት አንስቶታል። ብርሃን የለም። «ጋሼ፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ ብቻ ብነዳውስ?» አለኝ። ቁልፉን ለሚስቱ እንዲሰጣት ነገርኩት።