ጫጫታ ሲያውከን ምን እንግዛ? የጆሮ መድፈኛ፣ ድምፅ አጥፊ ማዳመጫና የመስሚያ መሣሪያ ሲነጻጸሩ

ዕድሜ ሲገፋ ሰው በሚበዛበት ቦታ የሚገጥመን ችግር አንድ ይምሰል እንጂ ሁለት ነው። አንደኛው ድምፁ ራሱ ሲያሳምምና ሲያደክም ነው፤ በሠርግ አዳራሽ ስፒከር አጠገብ ወንበር የደረሰው ሰው ያውቀዋል። ሁለተኛው ድምፁ ባያሳምምም ፊት ለፊታችን የተቀመጠው ሰው የሚናገረውን ሲውጥብን ነው። ለመጀመሪያው ችግር የሚሸጠው ዕቃ ድምፅ ይቀንሳል፤ ለሁለተኛው የሚሸጠው ንግግር ያጎላል። ሥራቸው ተቃራኒ ሆኖ ሳለ ጎን ለጎን ተደርድረው ስለሚሸጡ፣ ብዙ ገዥ የቱ ችግር እንዳለበት ሳይለይ ገንዘቡን ያወጣል።

እኔም ከተሳሳቱት አንዱ ነኝ። ስልሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኞቼ ጋር የምንቀመጥበት ካፌ ጫጫታ ስለበረታብኝ ስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ ገዝቼ ሁለቱንም ጆሮዬን ደፍኜ ተቀመጥሁ። የቡና ማሽኑ እንፋሎት፣ የሲኒው ኳኳታ፣ ማንም የማያየው ቴሌቪዥን ሁሉ ራቀ። ጫጫታው ቀረ፤ ጨዋታውም አብሮ ቀረ። ጓደኞቼ ሲስቁ እያየሁ እስቅ ነበር እንጂ በምን እንደሳቁ አላውቅም ነበር።

ምክንያቱን የተረዳሁት በኋላ ነው። በዕድሜ የሚደክም ጆሮ አስቀድሞ የሚያጣው ቀጫጭን ድምፆችን ነው፤ እንደ ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ተ እና ከ ያሉት ፊደላት ከዚያ ወገን ናቸው። ወፍራሞቹ ድምፆች ስለሚቀሩለት አረጋዊው ሰው እየተናገረ መሆኑን ይሰማል፤ ምን እንዳለ ግን አይለይም። «ቤቱን ለወንድሙ ልጅ ሰጠው» እና «ቤቱን ለወንድሙ ልጅ ሸጠው» በሚሉት ሁለት ወሬዎች መካከል ብዙ ጠብ ሊኖር ይችላል፤ በጫጫታ መካከል ግን ለደከመ ጆሮ አንድ ናቸው። በዚያ ላይ የደከመ ጆሮ የመስሚያ ክልሉ ከሁለቱም ወገን ይጠብበታል፤ ዝቅ ያለውን አይሰማም፣ ከፍ ያለው ደግሞ ቶሎ ያሳምመዋል። «ጮክ በል» ያለው አባት ወዲያው «ምን ያስጮህሃል!» ብሎ የሚቆጣው ለዚህ ነው እንጂ ጠባዩ ስለተበላሸ አይደለም።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት ግን ጆሮ ይታይ። የተጠራቀመ ኩክ ብቻውን መስማትን ያደነዝዛል፤ በጥጥ እንጨት መጎርጎር ደግሞ ይብሱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። በአንድ ጆሮ ብቻ ወይም በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ፣ የጠፋ መስማት ዕቃ የሚገዛለት ሳይሆን በዚያው ቀን ወደ ጆሮ ሐኪም የሚኬድበት ነው።

ስፖንጅ መድፈኛና ማጣሪያ ያለው መድፈኛ

ስፖንጁ ርካሽ ነው፤ ድምፅ በመቀነስም ከሁሉም ይበረታል። ምን ያህል ድምፅ እንደሚቀንስ በማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ቁጥር በአሜሪካ ዕቃ ኤንአርአር፣ በአውሮፓ ዕቃ ኤስኤንአር ይባላል፤ ጥሩ ስፖንጅ 29 ወይም 33 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) የሚል ጽሑፍ ሊኖረው ይችላል። ቁጥሩ ግን የተገኘው በላቦራቶሪ ነው፤ የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ኒዮሽ ለስፖንጅ መድፈኛ የተጻፈውን በግማሽ ቀንሶ ማሰብን እ.ኤ.አ. በ1998 መክሯል። ብዙ ሰው እንደ ቡሽ ደፍቆ ስለሚተወው ከግማሽም ያነሰ ያገኛል። በትክክል ለመግባት ስፖንጁ በጣት እየተንከባለለ እንደ ቀጭን ጧፍ መሆን አለበት፤ በሌላኛው እጅ ከራስ በላይ ዞሮ የጆሮን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ስቦ ካስገቡት በኋላ እስኪነፋ ድረስ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣት ይዞ መቆየት ያስፈልጋል። ጣቱ በሪህ የተያዘ ሰው ይህን ብቻውን መሥራት ይቸግረዋል።

የስፖንጅ ትልቁ ጉድለት ከሁሉ አብልጦ የሚቀንሰው ቀጫጭኑን ድምፅ መሆኑ ነው፤ ማለትም ዕድሜ በወሰደው ላይ እሱ ደግሞ ይወስዳል። ማጣሪያ ያለው መድፈኛ፣ ሙዚቀኞች የሚጠቀሙበት ዓይነት፣ ቀጭኑንም ወፍራሙንም በተቀራረበ መጠን ስለሚቀንስ ንግግር ዝቅ ይላል እንጂ አይታፈንም። የሚቀንሰው ከስፖንጁ ያነሰ ነው፤ ሆኖም ለሠርግ አዳራሽ ይበቃል። በኒዮሽ ስሌት 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይቻላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ስለሚያጥር 100 ዴሲቤል የሚፈቀደው ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ ላይ 15 ዴሲቤል በትክክል የቀነሰ መድፈኛ ወደ 8 ሰዓቱ ይመልሰናል ማለት ነው፤ ሙሽሮቹ ገብተው፣ ግብዣው አልቆ፣ ጭፈራው እስኪበተን ድረስ። አሜሪካ ውስጥ ከ15 እስከ 50 ዶላር ድረስ ይገኛል፤ በሳሙና ታጥቦ ለዓመታት ስለሚያገለግል በየጊዜው ከሚጣለው ስፖንጅ ጋር ዋጋው በአንድ ቀን ብቻ መነጻጸር የለበትም።

ከሁለቱ የትኛውንም ለሚገዛ ሰው አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ጆሮ ሲደፈን የገዛ ድምፃችን በጭንቅላታችን ውስጥ ስለሚያስተጋባ የጮኽን ይመስለንና ሳናውቀው ዝቅ አድርገን እንናገራለን። ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ብዬ ረዳቱም ሾፌሩም ሳይሰሙኝ ሁለት ፌርማታ አልፌ የወረድሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ እኔ በበኩሌ ታክሲውን ያናወጥሁት መስሎኝ ነበር። በተረፈ መድፈኛ ለጩኸት ሰዓት እንጂ ለዘወትር አይሆንም፤ ተራ የመንገድ ድምፅ በሰማ ቁጥር ጆሮውን የሚደፍን ሰው ለድምፅ ያለው ትዕግሥት እያደር ይቀንሳል።

ድምፅ አጥፊ ማዳመጫ

ይህ ማዳመጫ የውጭውን ድምፅ በማይክ ተቀብሎ ተገላቢጦሹን ሞገድ በመልቀቅ ያጣፋዋል። የድምፅ መሣሪያ አምራቹ ቦዝ ኩባንያ መሥራች አማር ቦዝ ሐሳቡን የጠነሰሱት እ.ኤ.አ. በ1978 በአውሮፕላን ሲጓዙ ነበር ይባላል፤ እውነትም ዕቃው እስከ ዛሬ ድረስ የሚዋጣለት እዚያው ነው። ሳይቆራረጥ የሚያጓራ ወፍራም ድምፅ፣ ማለትም የአውሮፕላን ሞተር፣ የባሕር ዳር አውቶቡስ፣ የጎረቤት ጄኔሬተር፣ ይጠፋለታል። የሰው ጫጫታ፣ ክላክስና የሳህን መጋጨት ግን ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጡ ያን ያህል አይበግራቸውም። ስለዚህ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ለሚበሩ እናት ጥሩ ስጦታ ነው፤ ለምግብ ቤት ግን አልመክረውም። መንገድ ላይ ደግሞ ከኋላ የሚመጣውን ባጃጅ ድምፅ ስለሚደብቅ አደገኛ ነው።

ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ዓይነት ለማውለቅና ለማድረግ ይቀላል፤ ዳሩ ግን የመነጽር ዘንግ ከሥሩ ሲያልፍ ክፍተት ይተዋል፣ በሻሽና በነጠላ ላይም አይመችም። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ከሻሽ ጋር ይስማማል፤ ነገር ግን ትንሽ ነው፣ ይወድቃል፣ ሲወድቅም ሶፋ ሥር ይገባል።

በዚህ መደብ ለብቻው መታየት ያለበት ጆሮ ውስጥ የሚገባው የአፕል ማዳመጫ፣ ኤርፖድስ ፕሮ 2 ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በመስከረም ወር 2024 እ.ኤ.አ. አንድ ሶፍትዌር ይህን ማዳመጫ ወደ መስሚያ መሣሪያ እንዲለውጠው ፈቅዷል። ፈቃዱ ዕድሜያቸው 18 የሞላና ቀላል ወይም መካከለኛ የመስማት ድካም እንዳለባቸው ለሚሰማቸው ሰዎች ነው። ገዥው ሦስት ነገር ያጣራ፦ አይፎን ወይም አይፓድ የግድ ያስፈልገዋል፤ አንዴ ቻርጅ ተደርጎ የሚያገለግለው 6 ሰዓት ያህል ስለሆነ ከጠዋት እስከ ማታ አያደርስም፤ አገልግሎቱ ደግሞ በሁሉም አገር አልተከፈተም። አራተኛ ነገር ብጨምር የባህል ነው፤ እኛ ዘንድ ኢርፎን ሰክቶ የሚያወራ ሰው ንቀት ያለበት ይመስላል። ለቅሶ ቤት ይዞ የሚገባ ሰው አስቀድሞ ለአጠገቡ ሰው ቢናገር ይሻላል።

ድምፅ ማጉያና የመስሚያ መሣሪያ

ከሩቅ ሲታዩ አንድ ስለሚመስሉ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ርካሹ ድምፅ ማጉያ የመጣውን ሁሉ እኩል ያጎላል። ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ለማዳመጥ ወይም ከአንድ ሰው ጋር ለመነጋገር ያገለግላል፤ ካፌ ውስጥ ግን ሹካና ማንኪያውን ጭንቅላታችን ውስጥ ይበትነዋል። የመስሚያ መሣሪያ በአንጻሩ በኦዲዮግራም፣ ማለትም ጆሯችን የትኛውን ድምፅ ምን ያህል እንዳጣ በሚያሳየው የምርመራ ውጤት፣ ይስተካከላል፤ የጎደለውን ብቻ ያጎላል፣ በጣም የሚጮኸውን ይገታል። በርካታዎቹ ከፊት የሚመጣውን ንግግር ከጀርባው ጫጫታ አስበልጠው የሚይዙ ማይኮች አሏቸው።

አሜሪካ ውስጥ ከጥቅምት 17 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቀላልና መካከለኛ ድካም የሚሆነው ዓይነት ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሱቅ ይሸጣል። ከዚያ ወዲህ በውጭ አገር ያሉ ልጆች ገዝተው በመንገደኛ የሚልኩት በዝቷል። ደግ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን የወላጅን ኦዲዮግራም ሳያዩ የላኩት መሣሪያ የሌላ ሰው መነጽር እንደመላክ ነው። እዚህ አገር ምርመራው ይደረግ፣ ውጤቱ በስልክ ፎቶ ይላክ፣ ከዚያ ይገዛ። ድካሙ ከባድ ከሆነ የሱቁ ዓይነት ጭራሽ አይበቃም።

ባትሪውን በሚመለከት ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ። በቻርጅ የሚሠራው ቅንጡ ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ግን ጠዋት ባዶውን ሊገኝ ይችላል። በሚለወጠው ባትሪ የሚሠራው የተለጣፊው ቀለም መጠኑን ይናገራል፦ ቢጫው 10፣ ቡናማው 312፣ ብርቱካናማው 13፣ ሰማያዊው 675 ነው። 312 አንድ ሳምንት ያህል፣ 13 ደግሞ ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል። ተለጣፊው ሲነሳ ባትሪው አየር ስቦ መሥራት ይጀምራልና ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ማስገባት ዕድሜውን ይጨምራል፤ አንዴ ከተነሳ ግን መልሶ መለጠፍ አያድነውም። እኔ ለአገር ቤት ሰው 13ቱን እመርጣለሁ፤ ትልቅ ስለሆነ ለጣትም ለዓይንም ይቀላል።

መሣሪያው በተገዛ በመጀመሪያው ሳምንት ወረቀት ሲገለጥ እንደ ቆርቆሮ፣ ቧንቧ ሲከፈት እንደ ፏፏቴ ይሰማል። አእምሮ ለዓመታት ያልሰማውን እንደገና መልመድ ስላለበት ነው። አብዛኞቹ መሣሪያዎች መሳቢያ የሚገቡት በዚህ ሳምንት ስለሆነ፣ ሻጩ ለማስተካከል ስንት ጊዜ እንደሚቀበልና እስከ ስንት ቀን እንደሚመልስ ሳይጠየቅ ገንዘብ መክፈል አይገባም። ውዱም ቢሆን ካፌውን ሳሎን አያደርገውም፤ «ሁሉንም ጫጫታ ያጠፋል» የሚል ሻጭ ከገጠማችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።

ሩቅ የሚቀመጥ ማይክ

በንጽጽሩ ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔ ግን በጫጫታ ውስጥ ለመነጋገር ከሁሉ የማስቀድመው ይህ ነው። ክፍት በሆነ ቦታ ከተናጋሪው ያለን ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ማይኩን ወደ አፉ ማቅረብ የትኛውም ማጉያ የማይሠራውን ይሠራል። ለመስሚያ መሣሪያዎች የሚሸጡት ትንንሽ ማይኮች በተናጋሪው ደረት ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ውድ ናቸው። ኤርፖድስና አይፎን ያለው ሰው ግን ስልኩን ማይክ የሚያደርገውን ላይቭ ሊስን የተባለውን አገልግሎት ከፍቶ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በተናጋሪው በኩል ቢያስቀምጥ ያለ ተጨማሪ ወጪ መሞከር ይችላል። ስልኩን ትቶ መጸዳጃ ቤት መሄድ ግን ነውር ነው፤ የሚታማውን ሁሉ ይሰማልና።

ወንበርም ይመረጣል። መሣሪያ የሌለው ሰው ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ቢቀመጥ ከኋላ የሚመጣው ድምፅ ይቀንስለታል። አቅጣጫ የሚመርጥ ማይክ ያለው የመስሚያ መሣሪያ ያደረገ ደግሞ በተቃራኒው ጫጫታው ከጀርባው፣ ወዳጁ ከፊቱ እንዲሆን ያድርግ፤ መሣሪያው የሚያዳክመው የኋላውን ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው መስታወት የሆነ ካፌ ድምፁን መልሶ ይረጨዋል፤ መጋረጃና ምንጣፍ ያለው ይውጠዋል። ብርሃኑም በተናጋሪው ፊት ላይ ይሁን፣ ከንፈር ብዙ ይናገራል።

ታክሲ ውስጥ ሒሳብ ሲጠየቅ ግን አንዱም መሣሪያ አላስተማመነኝም። «ሠላሳ» ይሁን «ስልሳ» ስለማይለይልኝ አሁን ረዳቱን በድጋሚ አላስጮኸውም፤ መቶ ብር ሰጥቼ መልሱን እቆጥራለሁ።