ጅማ ላይ ቤት ለመግዛት፦ ክረምት ይሻላል ወይስ የቡና ወቅት?

አዲስ አበባ ላይ ለክረምት እረፍት የሚመጣው ዳያስፖራ ገበያውን ትንሽ ይነካካዋል። ጅማ ላይ ግን የቤት ገበያን የሚያሞቀውም የሚያቀዘቅዘውም ቡና ነው። ለቀማው ሲጀመር ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከማናና ከጌራ በኩል ብር መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ከተማ ገብቶ ቤት ይፈልጋል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደግሞ የገበሬውም የነጋዴውም እጅ ያጥራል።

በዋጋ በኩል ክረምት ለገዢ ያደላል። በታኅሣሥ ሻጩ «ነገ ጥሬ ብር ይዞ የሚመጣ አለ» ብሎ ንቅንቅ አይልም፤ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። ነሐሴ ሲጋመስ የልጆች ምዝገባ፣ ደብተርና የዓውደ ዓመት ወጪ ስለሚደራረብበት ያው ሰው ለድርድር ይቀመጣል። ምርጫው ግን ጠባብ ነው። ያልቸገረው ሻጭ ጥቅምትን ስለሚጠብቅ በክረምት የሚቀርበው ወይ የቸኮለ ሰው ቤት ነው፣ ወይ በቡና ወቅት ገዢ ያጣ። ስለዚህ ደላላውን ከዋጋው በፊት «ቤቱ ከመቼ ጀምሮ ነው ለሽያጭ የቀረበው?» በሉት።

ለእኔ ከዋጋውም በላይ ክረምትን የሚያስመርጠው ቤቱ ገመናውን መደበቅ አለመቻሉ ነው። በጥር ትኩስ ቀለም የማይሸፍነው ነገር የለም። በሐምሌ ግን ኮርኒሱ ላይ ቡናማ እድፍ ይወጣል፣ ከግድግዳው ሥር ቀለሙ ይላጣል። ዝናብ እንዳባራ ሂዱና የጎረቤት ውኃ በየት በኩል እንደሚወርድ ቆማችሁ እዩ። በአዌቱ ወንዝ ዳርቻና ወደ ቦዬ ረግረግ በሚያዘነብለው በኩል ይህ ግዴታ ነው። የጭቃ ቤት ከሆነ ቋሚው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ በካቻቪቴ ወጋ አድርጉት፤ ያለ ትግል ከገባ እንጨቱ በስብሷል ወይም ምስጥ ጨርሶታል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ መውረድ አለበት።

ወረቀቱን ስንመለከት ክረምት ራሱ ከወር ወር ይለያያል። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሐምሌ ላይ ገቢዎች ቢሮ በግብር ከፋይ ስለሚጨናነቅ ክሊራንስ (የግብር ዕዳ የለም የሚለው ማስረጃ) ይጓተታል። የቡና ወቅት አደጋው ሌላ ነው፦ ቀብድ ተቀብሎ የተሻለ ገዢ ሲያገኝ የሚያፈገፍግ ሻጭ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ውሉን ያፈረሰ ቀብድ ተቀባይ እጥፉን እንዲመልስ ያዛል፤ ስለዚህ የተሰጠው ብር ቀብድ መሆኑ በጽሑፍ ይስፈር። የሽያጩ ውል ደግሞ በቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። በየትኛውም ወቅት ብትገዙ ካርታውን ከማዘጋጃ ቤት ጋር አመሳክሩ፣ ኮሪደር ልማት ይነካው እንደሆነም ጠይቁ።

እንግዲህ ብሩ እጁ ላይ ኖሮ መኖሪያ ለሚፈልግ ሰው ሐምሌን ማያ፣ ነሐሴን መደራደሪያ ቢያደርገው ይሻለዋል። ጅምር ቤት ገዝቶ የሚጨርስ ግን ክረምትን ይለፈው፤ በጭቃው ወቅት አሸዋና ድንጋይ ማስገባት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ለእሱ የቡናው ግፊያ ጋብ ብሎ ዝናቡ ሳይጠነክር ያለው የካቲት ይመቸዋል።

አንዱን ቤት ሽጠው ሌላ ለሚገዙ፣ በታኅሣሥ ሸጦ በነሐሴ መግዛት በወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን ብር በየወሩ ዋጋ በሚያጣበት ጊዜ ስምንት ወር ባንክ ማስቀመጥና በዚያ ላይ ኪራይ መክፈል ቅናሹን ይበላዋል። እነሱ ሁለቱንም በአንድ ወቅት ቢጨርሱ ይሻላቸዋል።