ጣፎ አካባቢ ኮምፒውተር ማሠራት፦ ማን ጋ ሄድኩ፣ ምን ተሠራልኝ

ከአያት የባቡር ማቆሚያ ወዲያ፣ ጣፎና የካ አባዶ አካባቢ፣ ሙቀት ያስቸገረውን አሮጌ ዴስክቶፕ በወጉ የሚያስተካክሉ ባለሙያዎች አሉ። ሁሉም ግን «ኮምፒውተር ጥገና» የሚል ሰሌዳ አልሰቀሉም። ለእኛ ዋናውን ሥራ የሠሩልን የሰፈር ብረት ሠሪና አንዲት ልብስ ሰፊ ናቸው። ከውጭ ለእረፍት ስትመጡ «ለቤተሰብ አዲስ ኮምፒውተር ልግዛ ወይስ ያለውን ላሠራ?» እያላችሁ የምታስቡ ካላችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ኮምፒውተሩ የታናሽ ወንድሜ ነው፤ እንጀራው የሰርግ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። ገና አልፎ ጾሙ ሲፈታ ሰርግ ይጎርፋል፤ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ደግሞ ሁሉም ማለቅ አለበት። ስለዚህ ጥር ላይ ማሽኑ ቀንም ሌሊትም አያርፍም። ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው ዋና ቺፕ፣ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ኮር አይ7-2600 ነው፤ አምራቹ ያስቀመጠለት የሙቀት ልክ 95 ዋት ነው። ዕድሜው ቢገፋም ለወንድሜ ሥራ አላነሰውም። ነገር ግን ሬንደር (የተቀናበረውን ቪዲዮ ወደ መጨረሻ ፋይል ማውጣት) ሲጀምር ሙቀቱ 98 ዲግሪ ይደርስና ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ድርግም ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያደረው ፋይል ተበላሽቶ፣ ጠዋት ለሙሽራዋ እናት ምን እንደሚላቸው ጨንቆት ሳየው አላስቻለኝም።

መጀመሪያ መሃል ከተማ ወዳለ አንድ ሱቅ ወሰድነው። ኬዙን (ሳጥኑን) ሳይከፍቱ፣ ሙቀቱንም ሳይለኩ «ማዘርቦርዱ አርጅቷል፣ ከነፕሮሰሰሩ ይቀየር» አሉን፤ ማዘርቦርድ የሚሉት ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበትን ዋና ሰሌዳ ነው። የጠሩት ዋጋ የወንድሜን የወር ገቢ ይበልጣል። ሳይለካ ዋጋ የሚጠራ ቤት ከገጠማችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የካ አባዶ መግቢያ ላይ ኮንቴይነር ውስጥ የሚሠራው ወጣት ግን ሌላ ሰው ነው። ስለ ገንዘብ አንድም ቃል ሳይናገር ኮር ቴምፕ የሚባለውን ፕሮግራም ጫነና ቪዲዮ ሬንደር እያስደረገ ሙቀቱን አነበበ። ከዚያ የኬዙን ጎን በካቻቢቴ ፈትቶ አነሳና ጠበቀ። ብዙም ሳይቆይ ሙቀቱ ከ98 ወደ 83 ወረደ። «እህቴ፣ ፕሮሰሰሩ ደህና ነው፤ ሳጥኑ ነው ያፈነው» አለኝ። ይህን ምርመራ ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊሞክረው ይችላል። ጎኑ ሲከፈት ሙቀቱ ብዙ ከወረደ ጥፋቱ የአየር መተላለፊያው ነው። ምንም ካልተለወጠ ግን የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ በአቧራ ተደፍኖ ወይም ተርማል ፔስቱ (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ደርቆ ሊሆን ስለሚችል ወደዚያ መሄድ ነው።

ጎኑን መልሶ ዘጋና ከሶፍት ቀጭን ቁራጭ ቀዶ ወደ ኬዙ ፊት አስጠጋው። አልተሳበም። ወደ ኋላው ፋን ሲወስደው በደካማው ወደ ውጭ ተገፋ። በሲዲ ማጫወቻው ዙሪያ ባለው ስንጥቅ ላይ ሲያደርገው ግን ልጥፍ አለ። አየሩ የሚገባው በተሠራለት በር ሳይሆን ባገኘው ስንጥቅ ነበር ማለት ነው፤ አቧራውም አብሮት ይገባል። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ርካሽ ኬዞች ጠባያቸው ይኸው ነው። ፊታቸው በፕላስቲክ የተዘጋ ሆኖ ከሥር ጠባብ ክፍተት ብቻ ይተዋሉ። ከፕላስቲኩ ጀርባ ያለው የፋን ቦታ ደግሞ ጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳበት ቆርቆሮ ነው፤ ከቀዳዳው ብረቱ ይበልጣል። የወንድሜ ኬዝ ከኋላ ባለ 80 ሚሊ ሜትር ፋን፣ ከላይ ደግሞ የፓወር ሳፕላዩ (ለክፍሎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ፋን አለው። ሁለቱም የሚያስወጡ ናቸው፤ የሚያስገባ አልነበረም።

ይህ ጉዳይ አዲስ አበባ ላይ ከሌላው አገር ይብሳል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆንን አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ የሚገፋው አየር በሊትር ሲለካ ባይለወጥም ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው አየር ክብደቱ ያነሰ ነው። የሰርቨር አምራቾች በመመሪያቸው ላይ ከፍታው በጨመረ ቁጥር የሚፈቅዱትን የክፍል ሙቀት ዝቅ የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው። ደግነቱ ክፍሉ ራሱ ቀዝቃዛ ነው፤ የጥር ሌሊት ብርድ የካ አባዶ ላይ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ይህን የመሰለ ቀዝቃዛ አየር ደጅ ቆሞ፣ መግቢያ ብቻ ነው ያጣው።

ጽዳቱን እዚያው ኮንቴይነሩ ውስጥ ሠራልን። ሰፈር ውስጥ ኮምፒውተሩን ጎሚስታ ወስዶ በኮምፕሬሰር የሚያስነፋ ሰው ጥቂት አይደለም። ልጁ ይህን አጥብቆ ይቃወማል፤ ልክ ነው። የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ታንኩ ውስጥ ውኃ ይጠራቀምና ከአየሩ ጋር ይረጫል። ግፊቱም ፋኑን ከልክ በላይ እያሽከረከረ ኩሽኔታውን ይጎዳል። እሱ የተጠቀመው ትንሽ የኤሌክትሪክ ብሎወርና የቀለም ብሩሽ ነው፤ ፋኖቹ እንዳይዞሩ በጣቱ ይዟቸው ነበር። ከማቀዝቀዣው ክንፎች መሃል አቧራው ተጋግሮ በቁራጭ በቁራጭ ወጣ። የደረቀውን ተርማል ፔስት በአልኮል ጠርጎ በአዲስ ተካው። ፓወር ሳፕላዩን ግን አልከፈተም፤ ከውጭ ብቻ ነፋው። ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ይህን አውቆ እጁን የሚሰበስብ ቴክኒሻን እምነት ይጣልበታል።

ከዚያ የፊቱን ቆርቆሮ መክፈት ነበረብን። ልጁ የብረት ብናኝ ሾርት እንዳያደርግ ብሎ ከማዘርቦርዱ እስከ ሃርድ ዲስኩ ሁሉን ፈታና ባዶውን ኬዝ ሰጠን። ይዘነው የሄድነው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ብረታ ብረት ቤት ነው። ባለቤቱ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ በርና መስኮት፣ የውኃ ታንከር መቆሚያ ይሠራሉ። የኮምፒውተር ሳጥን እጃቸው ገብቶ አያውቅም። ነገሩን ሳስረዳቸው ቆርቆሮውን በጣታቸው መታ መታ አድርገው «ልጄ፣ ይሄ ስስ ላሜራ ነው፤ በግራይንደር ከነካሁት ይጣመማል» አሉኝ። በአዲሱ ፋን ልክ ክቡን በእርሳስ አሰመሩ፤ መስመሩን ተከትለው በትራፓኖ አጠጋግተው በሱ፤ በቆርቆሮ መቀስ ቆርጠው አወጡትና ጠርዙን በሊማ አለዘቡት። በፋኑ አራት የቡሎን ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀት፣ 105 ሚሊ ሜትር፣ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ለኩ። ኬብል እንዳይቆርጥ ጠርዙን የተሰነጠቀ ቀጭን ቱቦ አለበሱት፤ የተቆረጠውን አንቲረስት ቀቡት። የፊት ፕላስቲኩንም ታችኛውን ክፍል ከፈቱልን። 500 ብር ጠየቁኝ። በዚያ ጥንቃቄ ለሠሩት ሥራ አነሰብኝና ጨመርኩላቸው፤ ለመቀበል ብዙ አስለመኑኝ።

ፋኑን ከመርካቶ ገዛን፤ በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ባለ 120 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ስፋቱ የባለ 80ውን ከእጥፍ ስለሚበልጥ በዝግታ እየዞረ፣ ድምፁም ሳያውክ ብዙ አየር ያንቀሳቅሳል። ባለ ቀለም መብራት ያለውን ሊሸጡላችሁ ይሞክራሉ፤ መብራቱ አያቀዘቅዝም። ይልቅ መሰኪያውን እዩ። ባለ 3 ፒን ፋን ባለ 4 ፒን መሰኪያ ላይም ይሠራል፤ ሞሌክስ የሚባለው፣ በቀጥታ ከፓወር ሳፕላዩ ጋር የሚገናኘው መሰኪያ ብቻ ያለውን ግን ማዘርቦርዱ ሊቆጣጠረው ስለማይችል ሁልጊዜ በሙሉ ኃይሉ ይዞራል። ስታስገጥሙም አየሩ የሚወጣው ሞተሩን የያዙት ድጋፎች ባሉበት ጎን መሆኑን አትርሱ።

የቀረው አቧራው ነበር። ሰፈሩ ግንባታ አላለቀለትም፤ ውስጥ ለውስጥ ያለው መንገድ ኮብልስቶን ያልደረሰበት ብዙ ነው፤ በበጋ ያለ ማጣሪያ አየር ማስገባት አቧራ ማስገባት ነው። የኮንዶሚኒየሙ ምድር ላይ የልብስ ስፌት ሱቅ ያላት ሴትዮ የስቶኪንግ ጨርቅ በአዲሱ መግቢያ ልክ ቆርጣ፣ ዙሪያውን ላስቲክ ከታ ሁለት ማጣሪያ ሰፋችልን፤ አንዱ ታጥቦ እስኪደርቅ ሌላው እንዲተካው። መጀመሪያ ድርብ አድርጋው ነበር፤ ቴክኒሻኑ በሶፍቱ ሲሞክረው አየሩ ታነቀ፤ ነጠላ ሲሆን ወረቀቱ ተሳበ። በባዮስ (የማዘርቦርዱ መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥ ደግሞ የኋላውን ፋን ፍጥነት ዝቅ አደረገው፤ የሚገባው ከሚወጣው እንዲበልጥ። አሁን ሶፍቱ ሲዲ ማጫወቻው ጋ ሲቀርብ ወደ ውጭ ይገፋል። በስንጥቅ አየር ከወጣ በስንጥቅ አቧራ አይገባም።

ያንኑ ቪዲዮ፣ ኬዙ ተዘግቶ፣ ሬንደር አስደረግነው፤ ከ76 ዲግሪ አላለፈም። ሰርጉ ሁሉ እስኪያልቅ ማሽኑ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፋም። ወንድሜም ሬንደሩን አስጀምሮ መተኛት ጀምሯል።

ቅሬታ አለኝ። ከሦስቱም ደረሰኝ አላገኘሁም፤ ዋስትናውም የአፍ ቃል ብቻ ነው፤ ባለሙያዎቹ ለራሳቸውም ሲሉ ቢያስተካክሉት ደስ ይለኛል። ልጁ ለነገ ያለው ለተነገ ወዲያ ሆኖብናል፤ መዘግየቱን ግን አስቀድሞ ደውሎ አሳውቆናል። የኋላው ባለ 80 ፋን አሁንም ያፏጫል፤ መለወጥ አለበት። ማጣሪያውን በበጋ ቶሎ ቶሎ ማጠብ፣ ሳይደርቅም አለመመለስ ያስፈልጋል። ወደ ብረታ ብረት ቤቱ የምትሄዱ ከሆነ መብራት መኖሩን ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ከጠፋ ትራፓኖው አይሠራም።