ትንሽ ልጅ ይዞ ወሎ ላይ ማረፍ፦ ሐይቅ፣ የጎፍ፣ ላሊበላ ወይስ ደንቆሮ ጫካ?

ልጅ ይዞ ጫካ አጠገብ ለማረፍ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፎቶ ነው። ጥድ፣ ጭጋግ፣ የእንጨት ቤት፣ በረንዳ ላይ ቡና። የሦስት ዓመት ልጅ ለዚህ ሁሉ ደንታ የለውም። የሱ ጉዳይ ሌሊቱ ይበርዳል ወይ፣ የሚታጠብበት ውሃ ይሞቃል ወይ፣ የሚሮጥበት ሜዳ አለ ወይ የሚለው ነው። እኔም አራቱን ቦታዎች ያወዳደርኩት በሱ ዓይን ነው። ስለ ውበቱማ ምን ይወራል፣ ወሎ ነው።

አንድ ነገር ቀድሞ ይታወቅ። ወሎ ላይ አብዛኛው ማረፊያ ያለው ከተማ ውስጥ ወይም ውሃ ዳር ነው። ጫካው ቀን ተኪዶ የሚመለሱበት ነው። ልጅ ላለው ሰው ይሄ ጉድለት አይደለም፤ እንዲያውም ይሻላል።

ሐይቅ

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ዳር ሎጆች አሉ፣ ሣር አለ፣ ጥላ አለ፣ ወፉ ብዙ ነው። አየሩ ከደሴ ይሞቃል። ልጁ ሌሊት ትኩሳት ቢይዘው ደሴ ሆስፒታል ቅርብ ነው። ለብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያው ምርጫ መሆኑ አይገርመኝም።

ችግሩ ራሱ ውሃው ነው። ሐይቁ እስከ 88 ሜትር ይጠልቃል፤ ዳሩ ላይ የበቀለው ፊላ ደግሞ መሬቱ የት እንደሚያልቅ ይደብቃል። ስለዚህ ክፍል ስትይዙ "ውሃው ላይ ያለውን ስጡኝ" አትበሉ። ከፍ ብሎ ያለውን ጠይቁ። በክፍሉና በውሃው መካከል አጥር ካለ ደግሞ እሰየው። ጀልባ ከመውጣታችሁ በፊት በልጅ መጠን የተሠራ ላይፍ ጃኬት እንዳላቸው በዓይናችሁ እዩ። የአዋቂውን አጥብቀው ቢያስሩለትም ውሃ ውስጥ በራሱ ላይ ሾልኮ ይወጣል።

"እግሩን ብቻ ነከር ያድርግ" የሚለውንም እርሱት። በሐይቅና በቦርከና ወንዝ አካባቢ ቢልሃርዚያ የሚባለው የትል በሽታ አለ። ትሉ የሚገባው በቆዳ ነው፤ ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም። ቁርጭምጭሚት ድረስ መግባት ይበቃዋል። ወባውም አለ፣ በተለይ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ። ክፍሉ አጎበር ከሌለው ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ስትይዙም የተቀደደ እንዳይሆን ዘርግታችሁ እዩት፤ ትንኝ በጣት ቀዳዳ ትገባለች።

ገዳሙን ማየት የሚፈልግ ብዙ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስን በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ትልቅ የትምህርት ቦታ አድርገውታል። ድሮ ደሴት ነበር፣ አሁን ከየብስ ጋር ተያይዟል። ግን ሴት አይገባበትም። አባትና ወንድ ልጅ ሲገቡ እናትና ሴት ልጅ ደጅ ይቀራሉ። ይህን ሳያውቁ ሄዶ በር ላይ ከመኮራረፍ ቤት እያሉ መስማማት ይሻላል። ወይ በየተራ ከሕፃኑ ጋር ትቆያላችሁ፣ ወይ እናት ሎጁ ላይ እግሯን ዘርግታ ቡናዋን ትጠጣለች። እኔን የጠየቀኝ ካለ ሁለተኛው አይጠላም።

ምሳ ላይ ዓሣ መቅረቱ አይቀርም። ሙሉ ጥብሱን ለራሳችሁ፣ ለልጁ ጉላሽ ያለ በርበሬ። አጥንቱን አስቀድመው ያወጡለታል፣ እናንተም በጣታችሁ ዳብሳችሁ አጉርሱት።

ኮምቦልቻ ማደር፣ የጎፍ መዋል

ይሄ ፎቶ ላይ አያምርም። ማደሪያው የከተማ ሆቴል ነው። የጎፍ ደን ከኮምቦልቻ በላይ ያለው ተራራ ላይ ነው፤ ጥድና ወይራ፣ በተተከለው በኩል ደግሞ የፈረንጅ ጥድና ባሕር ዛፍ። ጠዋት ቅንጬ አብልታችሁ ትወጣላችሁ፣ ልጁ ቅጠል ይለቅማል፣ ጉንዳን ያሳድዳል፣ ደክሞት ሲነጫነጭ ወርዳችሁ አልጋው ላይ ታስተኙታላችሁ። ፋርማሲው፣ ዳይፐሩ፣ ወተቱ ሁሉ እዚያው ከተማ አለ። ከአዲስ አበባም አውሮፕላን ስላለ ረጅሙን የመኪና መንገድ መዝለል ይቻላል።

ጋሪ እንዳትይዙ። ዳገቱ ላይ የሚሠራው አንቀልባ ነው። ኮምቦልቻ ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነ የአጎበሩ ነገር እዚህም ይሠራል። ከዚያ ወደ ደሴ ለመውጣት ካሰባችሁ የሐረጎን ዳገት አስቡ፤ በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ሆዱ የሞላ ሕፃን መኪና ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ለወላጅ አይነገርም።

ላሊበላ

ምቾት ለሚፈልግና ለሚከፍል ይሄ ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ሆቴሎቹም ከውጭ እንግዳ ጋር የለመዱ ናቸው። ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ማታ ይበርዳል፤ ሙቅ ውሃው መብራት ሲጠፋም ይኑር አይኑር ጠይቁ። ገደል ጫፍ ላይ የተሠሩት ማረፊያዎች እይታቸው ልብ ይሰርቃል፣ ግን የበረንዳውን ፍርግርግ እዩ። የልጅ ጭንቅላት የሚያሳልፍ ከሆነ ክፍል ይቀየር።

ጫካውን የምታገኙት ይምርሐነ ክርስቶስ ነው፤ በዋሻ ውስጥ የታነጸው ቤተ ክርስቲያን በጥድ ደን የተከበበ ነው። ከበስተጀርባው ግን የብዙ ምእመናን አፅም እንዳለ ተከምሯል። የአራት ዓመት ልጅ "ይሄ ምንድን ነው?" ማለቱ አይቀርም፣ መልስ ይዛችሁ ግቡ። በአቡነ ዮሴፍ በኩል ያሉት የማኅበረሰብ ጎጆዎች ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው፤ ነገር ግን 3,000 ሜትርን ያልፋሉ። ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ከፍታው ራሱን ቢያሳምመው አይናገርም፣ ያለቅሳል ብቻ። ለትልልቆቹ ይቆይ። በገና ሰሞን ደግሞ ሕዝቡም ዋጋውም ሌላ ነው።

ደንቆሮ ጫካ

እውነተኛው ጫካ ይሄ ነው። አሁን የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ፣ የምኒልክ ድኩላ፤ ከላይ አስታና ጅብራ የሚባሉት የደጋ ተክሎች። የሚታደረው ግን በድንኳን ነው፣ ከደሴ ያለው መንገድ ረጅም ነው፣ ሐኪም ሩቅ ነው። ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ አልመክርም።

እና የቱ?

ሦስት ዓመትና ከዚያ በታች ከሆነ ኮምቦልቻና የጎፍ፣ ያለ ክርክር። ከአራት እስከ ሰባት ሐይቅ፤ ልጁን ዓይኑን ሳይነቅል የሚጠብቅ አንድ ሰው ሁልጊዜ ካለ። አያት ወይም አክስት አብራችሁ ከሄደች ጭንቀቱ በግማሽ ይቀላል። ወጪው ካላሳሰባችሁና መኪና ካስጠላችሁ ላሊበላ። በገንዘብ ብቻ ለሚመርጥ ሐይቅ ለአንድ ቀን ሄዶ ደሴ ማደርም ይቻላል።

ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲብስ ነው፣ ጫካው ጭቃ ይሆናል። ገና ትምህርት ያልጀመረ ልጅ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፣ ጥቅምትና ኅዳርን ያዙ።

ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ደውሉና እነዚህን ጠይቁ፦ ልጅ እስከ ስንት ዓመቱ በነፃ ያድራል? ተጨማሪ ፍራሽ ስንት ነው? ወጥ ቤቱ ማታ አጥሚት ወይም አልጫ ይሠራልናል? ጄኔሬተሩ የውሃ ማሞቂያውን ያስነሳል? መንገዱ ካስቀረን ቀብዱ ይመለሳል? ስለ መንገዱ ግን ሆቴሉን አትጠይቁ። በዚያው ሳምንት የተመላለሰ ሾፌር ፈልጋችሁ ጠይቁ፤ ካመነታ ቀኑን ግፉት።