ዘጠኝ ወር ከአባ ቆቡ ጋር፦ እስስት ቤት ውስጥ የቆዩና የተባረሩ ተክሎች

ባለፈው መስከረም አንድ ጓደኛዬ ሥራ ቀይሮ ከባሕር ዳር ሲወጣ የየመን እስስቱን ለእኔ ጥሎብኝ ሄደ። ከነሽቦ ቤቱ፣ ከነመብራቱ፣ ከነውሃ መርጫው። አናቱ ላይ እንደ መነኩሴ ቆብ የቆመ ነገር ስላለው አባ ቆቡ እንለዋለን። አከራዬ መጀመሪያ ቀን ሲያዩት አማተቡ። «ኧረ በስማም! ልጄ፣ ይኼን መርዛም ከእኔ ግቢ?» አሉ። እስስት መርዝ እንደሌለው ለማስረዳት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። አሁን ጠዋት ቡና ሲያፈሉ «አባ ቆቡ ደህና አደረ?» ብለው የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው።

ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ እሱ ሳይሆን ስለ ተክሎቹ ነው። ጓደኛዬ የተወልኝ ቤት ውስጥ የነበረው የፕላስቲክ ሐረግ ብቻ ነበር፣ አቧራ የጠጣ፣ ጫፉ የተነከሰ። ያ ንክሻ ነው ያስደነገጠኝ። የየመን እስስት ነፍሳት ብቻ አይበላም፣ ቅጠልም ይገምጣል። ፕላስቲክ ከዋጠ አንጀቱን ሊዘጋው ይችላል። በዚያ ላይ እስስት ሰሃን ላይ የተቀመጠ ውሃ አያውቅም። የሚጠጣው ቅጠል ላይ የተንጠለጠለ ጠብታ ሲያይ ነው። ስለዚህ እውነተኛ ተክል ያስፈልገዋል፦ ለመደበቂያ፣ ለመጠጫ፣ አንዳንዴም ለምሳ።

ቤቱ 60 በ60 ሲሆን ቁመቱ 120 ሴንቲ ሜትር ነው። አራቱም ጎኑ ወንፊት ሽቦ ነው፣ አየር እንደ ልብ ይገባል። በዘጠኝ ወር ውስጥ ስድስት ዓይነት ተክል አስገብቼበታለሁ። ፖቶስ፣ ሸፍሌራ፣ ሂቢስከስ (ትልልቅ አበባ ያለው ቁጥቋጦ) እና ስፓይደር ፕላንት (ረጅም ቀጭን ቅጠል ያላት) አሁንም አሉ። ፊከስ ቤንጃሚና (የቤት ውስጥ ዛፍ) እና ፈርን (ላባ የመሰለ ቅጠል ያለው) ወጥተዋል። ሂቢስከሱ ደግሞ ሁለተኛው ነው፣ የመጀመሪያው ጉድ ሠርቶኛል፤ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ላይ ጭንቀቴ ሁሉ መርዛም ተክል ላይ ነበር። የጎጃም አጥር እኮ ፋርማሲ ነው! ቅንጭብ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ምን እንደሚያደርግ አጥር ያጠረ ሰው ያውቃል፣ ቁልቋልም የዚያው ዘመድ ነው። ጉሎ ፍሬው ገዳይ ነው። አስተናግር ስሙ ራሱ ይናገራል፣ የበላውን ሰው ያስቀባጥራል። ብርብራ ዘሩ ተወቅጦ ጣና ላይ ዓሣ ማደንዘዣ ሆኖ የኖረ ነው። እንዶድን ደግሞ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ያጠኑት። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር እስስት ቤት ምን ያደርጋል? በየመንገዱ ዳር ያ ሮዝ አበባ ያለው ኦሊያንደርም አለ፣ ቅጠሉም ግንዱም ለልብ መርዝ ነው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን ሰረዝኳቸው፣ አለቀ።

አከራዬ ግን የራሳቸው ሐሳብ ነበራቸው። «ጤና አዳም አስገባለት፣ እባብም አይጠጋው፣ ሽታውም ጥሩ ነው» አሉኝ። ቡና ላይ ጣል የምናደርገውን ቅጠል ማን ይጠረጥራል? ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ቆይቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል። የሚያቃጥለው የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። እስስት ቤት ውስጥ ደግሞ ያንኑ ጨረር የሚሰጥ መብራት ቀኑን ሙሉ ይበራል፣ አጥንቱ እንዲጠነክር። ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው አዩኝና «እንግዲያ ፍየል የሚበላውን ስጠው» አሉ። ለፍየሏ ሆድ የሚስማማ ሁሉ ለእሱ አይስማማም ብዬ ከዚህኛውም በትሕትና ወጣሁ።

እና ስሙን እያየሁ ደህና ደህናውን መረጥኩ ብዬ ተኩራራሁ። የተሸወድኩትም እዚህ ላይ ነው። ሂቢስከስ በእስስት አርቢዎች ዘንድ ከምርጦቹ አንዱ ነው። ቅጠሉም አበባውም ይበላል፣ ግንዱ ይሸከመዋል። ከአንድ ችግኝ ሻጭ ጥቅጥቅ ያለ፣ አንዲት ቀዳዳ እንኳ ቅጠሉ ላይ የሌለበት ሂቢስከስ ገዛሁ። መድኃኒት ተረጭቷል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። «ኧረ ምንም» አለኝ። በውሃ ለቅለቅ አድርጌ በዚያው ቀን አስገባሁት። አባ ቆቡ በደስታ ሁለት ቅጠል ገመጠ።

በማግሥቱ ጠዋት ታችኛው እንጨት ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። እስስት በጠራራ ፀሐይ ዓይኑን ከጨፈነ ነገር አለ ማለት ነው። ቀለሙ ጠቁሯል። ሌላ ጊዜ አንዱ ዓይኑ እኔን፣ ሌላው ዓይኑ ፌንጣውን ሲከታተል የነበረው ፍጡር ሁለቱንም ጨፍኖ ተኝቷል። የከብት ሐኪም ጋ ይዤው ሄድኩ። ሰውየው በጣም ጨዋ ነው፣ ግን እውነቱን ነገረኝ፦ «ላም ብታመጣልኝ ይሻለኝ ነበር።» ተክሉን አውጣ፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ ርጭለት፣ አታስጨንቀው አለኝ። እንዳለው አደረግሁ። በአራተኛው ቀን አንዲት ፌንጣ በላ። እንዴት እንደተነፈስኩ!

ተመልሼ ሻጩን ሳፋጥጠው «እኔ አልረጨሁም፣ ያመጣሁበት ቦታ ረጭተው ይሆናል» አለ። የታመመው በዚያ ይሁን በሌላ መማል አልችልም። ግን ያኔ ነው የገባኝ። ቀዳዳ የሌለው ቅጠል ማለት አንድም ትል ያልደፈረው ቅጠል ማለት ነው። እንደ ኢሚዳክሎፕሪድ ያሉ ፀረ ተባዮች ቅጠሉ ላይ አይቀመጡም፣ በሥር ገብተው ተክሉ ውስጥ ይሰራጫሉ። ብታጥበው፣ ብትፈትገው አይለቅም። አሁን የምመርጠው ትንሽ የተበላ፣ ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ተባይ የጎበኘው ተክል ነው። ሻጮቹ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

ማሰሮውም የራሱ ጣጣ አለው። ከዚያው ሂቢስከስ ሥር አፈሩን ሳራግፍ ነጫጭ ፍሬዎች አገኘሁ። ዩሪያ! እስስት ምላሱን ወርውሮ አፈር ላይ ያረፈች ዝንብ ሲለቅም ያገኘውን ሁሉ አብሮ ይውጣል፣ አፈር ይሁን ማዳበሪያ አይመርጥም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የምገዛውን ተክል ሁሉ ከፕላስቲኩ አወጣለሁ፣ ሥሩን ባልዲ ውስጥ አጥባለሁ፣ ማዳበሪያ ባልነካው ለም አፈርና አሸዋ ድጋሚ እተክላለሁ። ቅጠሉን ግራ ቀኝ በውሃና በጣም ትንሽ የዕቃ ሳሙና አጥቤ ደጋግሜ አለቀልቃለሁ። ከዚያ ቢያንስ ለአንድ ወር በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ከዕቃው አፍ ላይ ደግሞ ከአባ ቆቡ ጭንቅላት የሚበልጥ ድንጋይ እደረድራለሁ። ትንሽ ጠጠር አይሆንም፣ ይውጠዋል።

አሁን ወደ ተክሎቹ። ፖቶስ በየካፌው ግድግዳ ላይ የምትወርደው ባለልብ ቅርጽ ቅጠል ነች። ንጉሥ ነች ልበል? ውሃ ሲጠፋ ሦስት ቀን ጠብቃኛለች፣ መብራት ሲጠፋ ጠብቃኛለች፣ ጥግ ውስጥ ብርሃን ሳታገኝ አድጋለች። ከሁሉ የምወደው ጠብታ አያያዟ ነው። ስረጭ ውሃው በቅጠሉ መሐል ይንሸራተትና ሹል ጫፉ ላይ ይቆማል። አባ ቆቡ ከላይ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ እየተወዛወዘ፣ እንደሚጠራጠር ሰው አንድ እርምጃ ወደፊት ግማሽ ወደኋላ። ከዚያ አፉን ጫፉ ላይ ያሳርፋል። ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ ይታያል። እውነቱን ለመናገር ቅጠሏ ውስጥ አፍ የሚቆጠቁጥ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታል አለ። አርቢዎች ግን ለብዙ ዓመታት ሲጠቀሙባት ኖረዋል፣ የእኔውም አልፎ አልፎ ጫፏን ነክሶ ምንም አልሆነም። ሌላ የሚበላ ቅጠል አጠገቧ ካለ ብዙም አይነካትም።

ሸፍሌራ የጃንጥላ ቅርጽ ያላት ነች። የእስስት እግር ጣቶቹ ሁለትና ሦስት ሆነው እንደ ጉጠት የሚቆነጥጡ ናቸው፣ ስለዚህ ግንዱ የሚጨበጥ መሆን አለበት። የሸፍሌራ ግንድ ልክ ለእሱ የተሠራ ይመስላል። ዘጠኝ ወር ሙሉ አንድ ቅርንጫፍ አልተሰበረም። ስፓይደር ፕላንት ታች ወለሉ ላይ ነች። አይወጣባትም፣ ግን እርጥበት ትይዛለች፣ ልጆቿንም እያወጣች ትበዛለች።

ፊከስ ቤንጃሚና ያበሳጨኝ እሱ ነው። ሁሉም ሰው ያሞግሰዋል፣ እኔም ትልቁን ቦታ ሰጠሁት። ቦታ ሲቀየርበት ቅጠል የሚያራግፍ ቁጡ ዛፍ መሆኑን ኅዳር ላይ ነው ያወቅሁት። በሁለት ሳምንት ውስጥ መጥረጊያ እንጨት ሆነ። ትዕግሥት ቢኖረኝ ምናልባት ተመልሶ ያቆጠቁጥ ነበር፣ አልኖረኝም። ቅርንጫፉ ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተትም አላስደሰተኝም። ፈርን ደግሞ እስከ ታኅሣሥ ቆንጆ ነበር። ከጥር በኋላ አየሩ ሲደርቅ፣ ያ የወንፊት ሽቦ በየአቅጣጫው ንፋስ ሲያስገባ፣ ዳር ዳሩ እንደ ትምባሆ ቡናማ ሆነ። በመጋቢት ጣልኩት። የመስታወት ቤት ያለው ሰው ሊሳካለት ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ብርሃን። የእስስቱ መብራት ለተክሉ በቂ አይደለም። እኔ ጋ መስኮት ዳር ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ ያግዛል፣ ግን ከላይ 6500 ኬልቪን (የቀን ብርሃን የሚመስል) ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ካከልኩ በኋላ ነው ሁለተኛው ሂቢስከስ እምቡጥ ያወጣው። ይኼኛው ከጎረቤት አጥር የተቆረጠ ቅንጣቢ ነው፣ እኔው ራሴ ሥር አስይዤ ያሳደግሁት። አንድ ብር አልወጣበትም፣ ከስድስቱም ልቤ የሚያምነው እሱን ነው።

እግረ መንገዴን፦ ይህን አንብባችሁ ከጓሮ አጥር እስስት ለመያዝ እንዳትሄዱ። የእኛ ደጋ የራሱ እስስት አለው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ። እሱ ቅንጭቡንም ቁጥቋጦውንም ያውቀዋል፣ የእናንተን ፖቶስ አይፈልግም።

አሁን ሰኔ ገብቷል። ዝናቡ ስላለ መርጨቱን ከቀን ሦስቴ ወደ አንዴ ቀንሻለሁ። አለበለዚያ ማሰሮው ይጨቀይና አፈሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ያወጣል፣ ትናንት ከሸፍሌራዋ ሥር ጠርጌያለሁ። ሂቢስከሱ አምስት እምቡጥ ነበረው። አበባውን ለማየት ስጠብቅ አባ ቆቡ አራቱን ሳይፈኩ ቅርጥፍ አድርጎ በላቸው።

አከራዬ ትናንት ማታ መጡና ፖቶሷን እያዩ «ልጄ፣ ለእኔም አንዲት ቁራጭ፣ ሳሎን ልተክላት» አሉኝ። በውሃ ጠርሙስ አድርጌ ልሰጣቸው ስል ድመታቸው ትዝ አለችኝ። ፖቶስ ለድመት አይሆንም፣ ያፏን ያቃጥላታል፣ ያስታውካታል። ነገርኳቸው። ሳቁ፦ «እስስቱ የበላውን ድመቴ አትችልም?» ጠርሙሱን በረንዳው ጣሪያ ሥር፣ ድመቷ ከማትደርስበት ሚስማር ላይ ሰቀልነው።