የሙሽራ ጌጥ በ«ሙሉ ፓኬጅ» ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ይህን አንብቡ

ይህን የምጽፈው ሰርግ ለቀረባችሁ ሙሽሮች፣ ለሚዜዎችና ለእናቶች ነው። ታናሽ እህቴ ካገባች ገና ሁለት ወሯ ነው። ትዳሯ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደስ የሚል ነው። የሰርጓን ፎቶ ግን ማየት አትፈልግም። አንገቷ ላይ ያለውን ቀይ መስመር ባየች ቁጥር ዓይኗ እንባ ያቀርራል። መስመሩን ያወጣባት እኛ የገዛንላት ሀብል ነው። ሄጄ የመረጥኩትም፣ የከፈልኩትም እኔ ነኝ። ስለዚህ መናገርም ያለብኝ እኔ ነኝ።

ሻጯ ያሳየችን አንድ ትልቅ የከፈይ ሳጥን ነበር። ውስጡ ሀብል፣ ጉትቻ፣ አምባር፣ ቀለበት፣ የራስ ዘውድና አራት የፀጉር ማስያዣ ተደርድሯል። ሲታይ ያፈዛል። «የኔ ቆንጆ፣ ለየብቻ ብትገዢው እጥፍ ትከፍያለሽ። ሙሉ ፓኬጁን ውሰጂና ተገላገይ» አለችኝ። ወርቁ 18 ካራት፣ ፈርጡ ደግሞ 2 ካራት ነው አለች። ሀብሉን ገልበጥ አድርጋ መቆለፊያው ላይ የተመታውን 750 የሚል ማህተም አሳየችን። 750 የ18 ካራት ወርቅ ምልክት መሆኑን ሰምቼ ስለነበር ልቤ አረፈ። ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ። ቀሪውን ዕቃውን ስንረከብ ከፈልን።

ደረሰኙን ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አላነበብኩትም። አደራ፣ ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ሰርጉ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው እህቴ ጌጡን ከቬሎው ጋር ለአንድ ሰዓት ያህል ሞከረችው። በማግስቱ ጆሮዋን አሳከካት። ሁላችንም «ከጭንቀት ነው» አልናት። በሰርጉ ቀን ሀብሉን ጠዋት አጠለቀች። ሙቀቱ፣ ላቡ፣ ጭፈራው ተጨምሮበት ከሰዓት በኋላ አንገቷ ዙሪያውን ቀላ፣ ቀጥሎም ሽፍታ ወጣበት። ሜካፕ የምትሠራላት ልጅ ደጋግማ በዱቄት ሸፈነችው፤ ላቡ ደጋግሞ ገለጠው። ማታ አምባሩን ስታወልቅ ክንዷ ላይ አረንጓዴ ቀለበት ቀርቷል። ከዘውዱ ላይ ሦስት ፈርጥ ረግፏል፤ የት እንደወደቀ ያየ የለም።

ሰርጉ ካለፈ በኋላ ሳጥኑን ይዘን ወርቅ አንጥረኛ ዘንድ ሄድን። ሰውየው ከሀብሉ ጀርባ፣ ከማይታይ ቦታ ትንሽ በሞረድ ፋቀና አንድ ጠብታ አሲድ አደረገበት። አረፋ ደፍቆ አረንጓዴ ሆነ። ናስ ነው። ናስ ማለት መዳብና ዚንክ ነው። ክንዷ ላይ የቀረው አረንጓዴም የመዳቡና የላቧ ሥራ ነው። ወርቁ ከላይ የተቀባ ስስ ቅብ ብቻ ነበር። 750 የሚለው ማህተም ያለው መቆለፊያው ላይ ብቻ ነው፤ ሰንሰለቱ ላይ የለም፣ ጉትቻው ላይ የለም፣ አምባሩ ላይም የለም። እኛ አንዱን አይተን ዘጠኙን አመንን።

ተመልሰን ሻጯ ጋ ሄድን። ያለችንን ቃል በቃል ልንገራችሁ። «እኔ ወርቅ ነው አላልኩም፤ ቀለሙ የ18 ካራት ነው ያልኩት።» ደረሰኙን አውጥቼ ያን ጊዜ አነበብኩት። «የሙሽራ ጌጥ፣ ሙሉ ፓኬጅ፣ ብዛት 1» ይላል። በቃ። ወርቅ የሚል ቃል የለበትም። ግራም የለበትም። 750 የለበትም። ዘጠኙ ዕቃ እንኳ አልተቆጠረም። በእጄ ያለው ወረቀት የሚመሰክረው ለእሷ ነው።

የሸወደን ናሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጽፍም ነበር። ወርቅ ቅብ መሸጥ ነውር አይደለም። ቅብ መሆኑን ነግሮ፣ በቅብ ዋጋ የሚሸጥ ሰው ሥራውን ሠራ። ለአንድ ቀን የሚደረግ ጌጥ ቅብ ቢሆንም ምንም ችግር የለውም፤ እኔ ራሴ ለሚዜዎቹ ቅብ ነው የገዛሁት፣ እያወቅሁ። የሸወደን አንድ ዋጋ ነው። ዘጠኝ ዕቃ በአንድ ዋጋ ሲጠራላችሁ የትኛው ምን ያህል እንደሆነ፣ የትኛው ከምን እንደተሠራ መጠየቅ ትረሳላችሁ። ሻጩም መመለስ አይጠበቅበትም። «ፓኬጅ» የሚለው ቃል የሚሠራው ለዚህ ነው። እና ምክሬ ይህ ነው፤ ፓኬጁን ፍቱት። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ መስመር፣ የራሱ ዋጋ፣ የራሱ መግለጫ ደረሰኙ ላይ ይኑረው። ለምሳሌ «ሀብል፣ ወርቅ 750፣ ያለ ፈርጥ ይህን ያህል ግራም፣ ፈርጡ ዚርኮን» ተብሎ ይጻፍ። ቅብ ከሆነ ደግሞ «ብር 925፣ ወርቅ ቅብ» ወይም «ናስ፣ ወርቅ ቅብ» ይባል። እውነቱን የሚናገር ሻጭ ይህን ለመጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። «እኛ እንዲህ አንጽፍም» ካሏችሁ ቀብዱን አትክፈሉ። ሳጥኑ ምንም ያህል ቢያምር ውጡ።

ስለ ቁጥሮቹ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም እኔን ያጠመደኝ ግማሽ እውቀት ነው። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ነው። 18 ካራት ማለት ከ24 እጅ 18ቱ ወርቅ ነው ማለት ነው፤ በሺህ ሲሰላ 750 ይሆናል። 22 ካራት 916፣ 21 ካራት 875፣ 14 ካራት 585 ተብሎ ይመታል። 925 የሚል ካያችሁ ብር ነው እንጂ ወርቅ አይደለም፤ ከላይ ወርቅ ቢቀባም ውስጡ ብር ነው። ከቁጥሩ አጠገብ «ጂ ፒ» የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ካሉ ቅብ ነው ማለት ነው። ማህተሙን እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ፈልጉ፤ የጉትቻው ሁለቱም እግር ላይ ጭምር። ማህተም ብቻውንም አይበቃም፤ ማንም ሰው ብረት ላይ ቁጥር መምታት ይችላል። ለዚህ ነው ቁጥሩ ደረሰኙ ላይም መደገም ያለበት።

የፈርጡ ካራት ሌላ ነገር ነው። በእኛ አነጋገር ሁለቱም «ካራት» ስለሚባሉ ሻጮች እዚህ ጋ በቀላሉ ያምታቱናል። የወርቅ ካራት ጥራትን ይናገራል። የፈርጥ ካራት ክብደት ብቻ ነው፤ 1 ካራት 0.2 ግራም ነው። «2 ካራት ፈርጥ» የሚለው ሐረግ 0.4 ግራም የሚመዝን ድንጋይ አለ ከማለት ሌላ ምንም አይነግራችሁም። ጠርሙስም 2 ካራት ሊመዝን ይችላል። መጠየቅ ያለባችሁ «ስንት ካራት?» ብላችሁ ሳይሆን «ምንድን ነው?» ብላችሁ ነው። አልማዝ ነው፣ ዚርኮን (አልማዝ የሚመስለው ሰው ሠራሽ ድንጋይ፣ ኪዩቢክ ዚርኮኒያ) ነው፣ ክሪስታል የሚባለው ጠርሙስ ነው? ዚርኮን በተመሳሳይ መጠን ከአልማዝ ይከብዳል፤ አንድ ተኩል እጥፍ ያልፋል። በዓይን ብቻ ግን ብዙዎቻችን አንለየውም። አልማዝ ነው ካሏችሁ የምርመራ ሰርተፊኬት ጠይቁ፤ ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው ልኬት ከድንጋዩ ጋር መግጠሙንም በሌላ ባለሙያ አስዩ።

ክብደት ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። ወርቅ በግራም ሲሸጥ ፈርጡ አብሮ ከተመዘነ ድንጋዩን በወርቅ ዋጋ ገዛችሁት ማለት ነው። ትልልቅ ፈርጥ ባለው የሙሽራ ሀብል ላይ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። የሠራተኛ ዋጋውም ለብቻው ይጻፍ።

ማግኔት ይዛችሁ የምትሄዱ አላችሁ። ዕቃውን ማግኔት ከሳበው ውስጡ ወርቅ ያልሆነ፣ ማግኔት የሚስበው ነገር አለ። ካልሳበው ግን ወርቅ ነው ማለት አይደለም። ናስም፣ መዳብም፣ ብርም በማግኔት አይሳቡም። የእኛ ሀብል ማግኔቱን በደንብ ያልፍ ነበር።

አሁን ወደ ሽፍታው ልመለስ፤ ከገንዘቡ በላይ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ርካሽ ጌጥ ላይ ከቅቡ ሥር ብዙ ጊዜ ኒኬል አለ። ኒኬል ቆዳ ከሚያስቆጡ ብረቶች ዋነኛው ነው። ላብ ሲነካው ይሟሟና ቆዳ ውስጥ ይገባል። ቁጣው ደግሞ ወዲያው አይመጣም፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ አንገታችሁ ላይ አድርጋችሁ በመስታወት ማየት ምንም አይነግራችሁም። የእህቴ ጆሮ በማግስቱ ማሳከኩ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ እኛ ግን አላዳመጥነውም። የአውሮፓ ኅብረት ከቆዳ ጋር የሚቆይ ጌጥ የሚለቀውን ኒኬል በሕግ መገደብ የጀመረው በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ነው፤ ለተበሳ ጆሮ የሚሆን ጌጥ ላይ ገደቡ ከሌላው ይጠብቃል። «ከኒኬል ነፃ» የሚለው ጽሑፍም ሁልጊዜ ጨርሶ የለበትም ማለት አይደለም፤ የሚለቀው መጠን ከገደብ በታች ነው ለማለትም ይጠቀሙበታል። ከዚህ በፊት ርካሽ ጉትቻ ወይም የቀበቶ ዘለበት አሳክኳችሁ የሚያውቅ ከሆነ ለእናንተ ይህ ጉዳይ ከሁሉም ይቅደም።

ጌጡን ቢያንስ ሰርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ተረከቡ። ግማሽ ቀን ሙሉ ቤት ውስጥ አድርጋችሁት ዋሉ፤ ሥራ ሥሩበት፣ ላባችሁ ይምጣ። ከዚያ አራት ቀን ጠብቁ። ያን ጊዜ ጉትቻው ጆሮ ይጎትት እንደሆነ፣ ዘውዱ ራስ ያሳምም እንደሆነም ታውቃላችሁ። ፈርጡን የሚይዙት የሀብሉ ጥፍሮች ዳንቴሉንና አይነ ርግቡን ይይዙ እንደሆነ እዩ። ፈርጦቹን በጣታችሁ ነካ ነካ አድርጉ፤ የሚነቃነቅ ካለ በደንብ አልተያዘም፣ ሊወድቅ ይችላል። ቀለሙን ደግሞ ከሱቁ መብራት አውጥታችሁ በቀን ብርሃን፣ ከቬሎው ጨርቅ ጋር አስተያዩ።

ሉል የምታደርጉ ደግሞ ሽቶና የፀጉር ስፕሬይ ቀድማችሁ ጨርሱ፤ ሉሉ መጨረሻ ላይ ይደረግ። ሽቶ ያጠፋዋል። የወርቅ ቅብንም ያደበዝዛል።

የምትከራዩ ከሆነ መያዣ ከመክፈላችሁ በፊት እያንዳንዱን ዕቃ ከፊትና ከጀርባ ፎቶ አንሱ። የጎደለ ፈርጥ ካለ ያኔውኑ ይጻፍ። አለበለዚያ ሌላዋ ሙሽራ የጣለችውን እናንተ ትከፍላላችሁ።

ቀብድ ከፍላችሁ ሰርጋችሁን እየጠበቃችሁ ያላችሁ ደግሞ አሁን ተነሡና ደረሰኛችሁን አውጡ። «ፓኬጅ» ብቻ የሚል ከሆነ ቀሪውን ገንዘብ ሳትከፍሉ ወደ ሻጩ ተመለሱ። አንድ ሰው አብሯችሁ ይሂድ። ዕቃው በዝርዝር፣ ከምን እንደተሠራ ተጽፎ፣ ማህተምና ፊርማ እንዲደረግበት ጠይቁ። አልጽፍም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ቀሪው ግማሽ ገንዘብ ገና በእጃችሁ ነው። እኛ ይህን ስናውቅ በእጃችን ምንም አልቀረም ነበር።