ለወጥ ሰሪያችን ለእትዬ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ድግስ ያላችሁ፣ ወይም ለመደገስ ያሰባችሁ፣ ይህን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። አንዲት ወጥ ሰሪ ልጠቁማችሁ ነው። ከዚያ በፊት ግን ላመሰግናቸው እፈልጋለሁ። ምስጋናው ቆይቶብኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከጎረቤታችን ልጅ ነው። 10 ዓመቱ ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ቤታቸው የምትወስድ አጭር ዳገት አለች። እኛ ሳናስተውላት የምንወጣት ናት። እሱ ግን ሦስት ጊዜ ቁጭ ብሎ ያርፍባታል። ማታ ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል። እናቱ ትራስ ደራርባ ታስደግፈዋለች፤ እንደተቀመጠ ነው የሚያድረው።

መነሻው የጉሮሮ ህመም ነበር። ቶንሲል ነው ተብሎ በዝንጅብል ሻይ ታለፈ። በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ህመም በጊዜ ካልታከመ በአንዳንድ ልጆች ላይ መገጣጠሚያን ያቆረጥማል፤ ሲደጋገም ደግሞ የልብን በር፣ ቫልቭ የሚሉትን፣ ያበላሻል። በየወሩ የሚወጋው የፔኒሲሊን መርፌ ህመሙ እንዳይደገም ይከላከላል። በሩ ክፉኛ ከተጎዳ ግን ቀዶ ህክምና ያስፈልጋል።

ልጁ አሁን ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ባለው የልብ ማዕከል ወረፋ እየጠበቀ ነው። ማዕከሉን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 እ.ኤ.አ. የልብ ህሙማን ህጻናት መርጃውን ሲመሠርቱ፣ ልጆቹ ለቀዶ ህክምና ወደ ውጭ አገር ነበር የሚላኩት። ዛሬ እዚሁ ይሠራል፤ ያውም በነጻ። ነጻ ሲባል ግን ወጪውን ሌላ ሰው ይሸፍነዋል ማለት ነው። ልብ ተከፍቶ በሚሠራበት ሰዓት በልብና በሳንባ ምትክ የሚሠራ ማሽን አለ። እሱ ላይ የሚገጠመው ቱቦና ማጣሪያ ለአንድ ልጅ አንዴ ካገለገለ አለቀ። ቫልቩም ከውጭ ነው የሚመጣው፤ የሚገዛውም በዶላር ነው። እነዚህ አላቂ ዕቃዎች ሲጠፉ ሐኪሙ እያለ ሥራው ይቆማል።

ይህንን የሰማ የሰፈራችን ዕድር፣ ምሳ ደግሰን ገቢውን ለማዕከሉ እናስገባ አለ። በጳጉሜን፣ እሁድ ቀን።

እትዬን የጠቆመችን ሰርጓ ላይ ያበሰሉላት ልጅ ናት። ስማቸውን አልጽፍም፤ እሳቸውም አይወዱም። ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ሄጄ ስነግራቸው ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጡ።

«ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ወዲያው ወደ ስሌት ገቡ። ለ200 ሰው 25 ዶሮ፣ 50 ኪሎ ሽንኩርት፣ ለአንድ ሰው አንድ እንቁላል። እኔ ቅቤውን በርከት አድርጌ ጽፌ ነበር። አስቀነሱኝ። «ሽንኩርቱ በደንብ ከተቁላላ ብዙ ቅቤ አይፈልግም። ብሩ ለልጆቹ ይሂድ» አሉ። ስለ ክፍያቸው ስጠይቅ ደግሞ፣ «የሚያግዙኝን ልጆች የቀናቸውን ስጧቸው፣ የኔን ተዉት» ብለው ወሬውን ዘጉት።

ቅዳሜ ከሰዓት ቁሌቱ ተጀመረ። መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ እያማሰሉ፣ ለሰዓታት። ሌሊቱን ዝናቡ ሲወርድ አድሮ ድንኳኑ በአንድ ጥግ አፈሰሰ። እትዬ ጉልቻውን ቆርቆሮ ሥር አስገብተው አልተኙም። ሲነጋ ወጡ ደርሶ ነበር። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ድስቱም ማማሰያውም ለብቻ ነበር፤ ሥጋውን ያመጡትም ያበሰሉትም ራሳቸው ሙስሊም እናቶች ናቸው። ይህን ማንም ሳያስታውሳቸው አስቀድመው ያሰቡት እትዬ ናቸው።

ልጁንም አልረሱትም። ሐኪም ጨው እንደከለከለው ከእናቱ ሰምተው፣ በትንሽ ድስት ጨው የሌለው አልጫ ሠሩለት። «ና አግዘኝ» ብለው አጠገባቸው በርጩማ ላይ አስቀመጡትና እንቁላል አስላጡት። ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ ነው። አልደከመውም። በዚያ ቀን እንደ ሌሎቹ ልጆች ሥራ ነበረው።

ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ካርቶኑ ነው። የዘይት ካርቶን ቀደዱና የገዙትን ሁሉ በማርከር አስጻፉበት፤ ከዚያ የድንኳኑ ምሰሶ ላይ አሰሩት። ደረሰኝ ያለው ደረሰኙ ተሰክቶበታል። ከጉሊት የተገዛው ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ዋጋው ከነቦታው ተጽፏል። የተመለሰው 340 ብርም ታች ሰፍሯል። ሰው በልቶ ሲነሳ ያነበዋል። መዋጮ ሲባል ቀድሞ የሚያጉረመርም አንድ ጎረቤት አለን። አልፈርድበትም፤ የት እንደገባ ያልታወቀ መዋጮ ከዚህ በፊት አይቷል። ካርቶኑን ሁለቴ አነበበው። የምሳውን ቀድሞ ከፍሎ ነበር። ሳጥኑ ጋ ተመልሶ ሄደና እንደገና ጨመረ። ከእሱ በኋላ ሌሎችም ጨመሩ።

የሰፈሩ ልጆች ደግሞ በቡሄ ሆያ ሆዬ ብለው ያገኙትን በፌስታል ቋጥረው አመጡ። የታመመው ጓደኛቸው ነው።

የተረፈውን እንጀራና ወጥ እትዬ በምሳ ዕቃ አስሞልተው ላኩን። ከክፍለ ሀገር ልጅ ይዘው መጥተው ሆስፒታሉ በር አካባቢ ለሚውሉ አስታማሚዎች ሰጠነው።

ሰኞ ገንዘቡን በማዕከሉ ሂሳብ አስገባን። የባንኩን ደረሰኝ ይዤ እትዬ ቤት ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። «ካርቶኑ ላይ ለጥፈው» አሉኝ። ለጠፍኩት። አሁን ዕድር ቤቱ ግድግዳ ላይ አለ።

እትዬ፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን። እጅዎ ይባረክ።

እንግዲህ ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት ወይም ተዝካር ያለባችሁ፣ እሳቸውን ያዙ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ንገሯቸው። ሽንኩርትና በርበሬ ስትገዙ አብረዋችሁ ይሂዱ፤ ዓይናቸው አይስትም። ቁሌቱ ይጠር ብትሏቸው ግን አይሰሟችሁም። የዕቃውን ዋጋ በሙሉ ጽፈው ያስረክቧችኋል። ለሚፈልግ ሰው ስልካቸውን በውስጥ መስመር እልካለሁ። ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ደውሉ፤ ቀን እሳት ዳር ስለሚሆኑ አያነሱም።